አረም መድኃኒት ከተረጨበት በኋላ በውስጡ ምን ይሆናል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ክረምት በገባ ቁጥር በየገጠሩ ገበሬውን ከቤተሰቡ ጋር ጎንበስ የሚያሰኘው ሥራ አረም ነው። በጥንት ጊዜ ይህ ሥራ በእጅና በመኮትኮቻ ብቻ ይፈጸም ነበር፤ ዛሬ ግን ስንዴ በሚመረትባቸው ደጋዎችም ሆነ ጤፍ በሚዘራባቸው ሜዳዎች መርጫውን በጀርባው አዝሎ በማሳው ውስጥ የሚመላለስ ገበሬ ማየት የተለመደ ሆኗል። ውሏችን በጽሕፈት ቤት የሆነ የከተማ ሰዎች ይህን ነገር ከሩቅ የምንሰማው ጉዳይ አድርገን እንቆጥረው ይሆናል። ነገር ግን የምንበላው እንጀራ ከዚያው ማሳ የሚመጣ፣ የምንጠጣው ወተትም ከማሳው ዳር ከምትግጠው ላም የሚታለብ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የእኛም ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቻችን በአገር ቤት እናት አባት፣ ወንድም እኅት አሉን፤ ለበዓል ስንሄድም «የተማርከው አንተ ነህና ይህ መድኃኒት ምንድን ነው?» ተብለን መጠየቃችን አይቀርም።

እንግዲህ ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። መድኃኒቱ ከተረጨበት ዕለት አንሥቶ አረሙ ደርቆ እስከሚወድቅበት ዕለት ድረስ ብዙ ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ አረሙ ምንድን ነው? እንደ ቀድሞው አረም ነውን? ወይስ መልኩን ሳይለውጥ በውስጡ ሌላ ነገር ሆኗል? መልሱ በአጭሩ፣ ሌላ ነገር ሆኗል የሚል ነው። ይህንንም አለማወቅ ከብትን ሊያስገድል፣ ማሳንም ለባሰ አረም ሊያጋልጥ ይችላል። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ማንኛውም አረም፣ እኛ ምንም ባንፈልገው፣ ለራሱ የተሟላ የሥራ ቤት ነው። በሥሩ ውሃና ማዕድን ይስባል፤ በቅጠሉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተቀብሎ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩንም ከመሬት ካገኘው ናይትሮጂን ጋር አዋሕዶ አካሉ የሚታነጽበትን ፕሮቲን ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ ኢንዛይም በሚባሉ ረቂቅ ሠራተኞች አማካይነት የሚፈጸም ሲሆን፣ አካሄዱም በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ መዝገብ ከክፍል ወደ ክፍል እየተመራ፣ በየጠረጴዛው አንዳንድ ነገር እየተጨመረበት፣ በመጨረሻው ተፈርሞ እንደሚወጣ ያለ ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ቢዘጋ ሁለት ነገር ይደርሳል። ከተዘጋው ክፍል ወዲያ ያሉት ሠራተኞች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ፤ ከተዘጋው ክፍል ወዲህ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ግን ወረቀቱ ይከመራል። የብዙዎቹ የአረም መድኃኒቶች ምሥጢር ይኸው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ግላይፎሴት የተባለው መድኃኒት ነው። ጆን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት አረም የመግደል ኃይሉን በ1970 ካገኘ በኋላ፣ በ1974 ራውንድአፕ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ይህ መድኃኒት በቅጠል በኩል ገብቶ ስኳር በሚጓዝበት መንገድ እየተጓዘ እስከ ሥር ጫፍ ይወርዳል፤ ከዚያም አንድ ኢንዛይም ብቻ ይዘጋል። የትኛው ኢንዛይም እንደ ሆነ የታወቀው መድኃኒቱ በሥራ ላይ ከዋለ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1980 ነው። የተዘጋው ክፍል ዕፀዋት ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉትን ሦስት አሚኖ አሲዶች የሚሠሩበት መንገድ አካል ነው። እነዚህ ከሌሉ አዲስ ፕሮቲን አይሠራም፤ ተክሉ ግንዱን የሚያጠነክርበትና ከሻጋታ በሽታ የሚከላከልበት ንጥረ ነገርም ይጠፋል።

ወረቀቱ የሚከመረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከተዘጋው ክፍል ወዲህ ሺኪሚክ አሲድ የተባለ ነገር አለ፤ ስሙን ያገኘው በ1885 ተለይቶ ከወጣበት፣ ጃፓኖች ሺኪሚ ብለው ከሚጠሩት ዛፍ ነው። በጤነኛ ተክል ውስጥ ይህ አሲድ ወዲያው ወደሚቀጥለው ክፍል ስለሚተላለፍ፣ የሚገኘው ጥቂት ብቻ ነው። መድኃኒቱ በገባ ጊዜ ግን ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እንደ ሆነ ሺኪሚክ አሲዱ በውስጡ መከማቸት ይጀምራል። እንዲያውም መንገዱን የሚቆጣጠረው ምልክት ስለሚጠፋ፣ ተክሉ እንዳልበቃው ሁሉ ብዙ ካርቦን ወደ ተዘጋው በር እየሰደደ ሀብቱን በከንቱ ያፈሳል። ለዐይን የሚታየው ቢጫነት የሚመጣው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህም የቤተ ሙከራ ሰዎች አረሙ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ ከቅጠሉ ትንሽ ክብ ቆርጠው ሺኪሚክ አሲዱን በመለካት ብቻ መድኃኒቱ ሠርቶ እንደ ሆነ ወይም ሳይሠራ ቀርቶ እንደ ሆነ ያውቃሉ።

ይህ የሥራ መንገድ በሰውና በእንስሳት አካል ውስጥ የለም፤ እኛ እነዚህን አሚኖ አሲዶች የምናገኘው ከምግብ ነው። መድኃኒቱ ለሰው የሚያሰጋ አይደለም ተብሎ ለረዥም ጊዜ ሲነገር የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ሆኖም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2015 ግላይፎሴትን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ነገሮች ክፍል ውስጥ አስገብቶታል፤ የአሜሪካና የአውሮጳ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣኖች ደግሞ ከዚህ የተለየ አስተያየት ሰጥተዋል። ስለዚህ ክርክሩ ያልተዘጋ ስለ ሆነ፣ የሚረጨው ሰው ጓንትና መሸፈኛ ሳያደርግ እንዳይነካው መምከር ተገቢ ነው።

አሁን ደግሞ በአገራችን የስንዴና የጤፍ ገበሬ ቱ-ፎር-ዲ ብሎ ወደሚጠራው ወደ ሌላው መድኃኒት እንለፍ። ይህኛው አንድን ክፍል የሚዘጋ አይደለም፤ ሥራው የሐሰት ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንደ ማስገባት ያለ ነው። ዕፀዋት መቼና በየት በኩል ማደግ እንዳለባቸው የሚያዝዝ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን አላቸው። የተፈጥሮው ኦክሲን በጣም በጥቂት መጠን ይሠራና ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳል ወይም ይታሰራል። ቱ-ፎር-ዲ መልኩ ከዚህ ሆርሞን ጋር ስለሚመሳሰል ተክሉ እንደ እውነተኛ ትእዛዝ ይቀበለዋል፤ ቶሎ ስለማይፈርስ ግን ትእዛዙ አያቋርጥም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሊቃውንት ዘንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጠናው ይህ ነገር በ1945 ለገበያ ቀረበ። በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ትእዛዙን የሚቀበለው ረቂቅ አካል ምን እንደ ሆነ የታወቀው ግን በ2005 ነው። ይኸውም ሰዎች ስድሳ ዓመት ሙሉ በመድኃኒቱ ሲሠሩበት የገባበትን በር አያውቁትም ነበር ማለት ነው።

የሐሰቱ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ ግንዱ ይጠማዘዛል፤ ቅጠሉም ይኮማተራል። በውስጡ ደግሞ ኤቲሊን የተባለው፣ ሙዝን የሚያበስለው ጋዝ፣ ይበዛል። ቀጥሎም በድርቅ ጊዜ የቅጠሉን ቀዳዳዎች የሚዘጋው ሆርሞን ይጨምራል። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መግባቱን ያቆማል፤ የፀሐይ ብርሃን ግን አላቆመምና ኃይሉ የሚውልበት ሥራ አጥቶ ሕዋሶችን የሚያቃጥሉ የኦክሲጅን ውሁዶችን ይፈጥራል። አረሙ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ስንዴውና ጤፉ ለምን አብረው አይሞቱም? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ስንዴ ቱ-ፎር-ዲን ሲያገኘው በላዩ ኦክሲጅንና ሃይድሮጂን ይጨምርበትና ከስኳር ጋር አጣምሮ አስሮ ያስቀምጠዋል። በሌላ አነጋገር የሐሰቱን ደብዳቤ አውቆ ማኅተሙን ሰርዞ ወደ መዝገብ ቤት ይመልሰዋል። እንደ መጭ ያሉት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች ግን ይህን በሚገባ ማድረግ ስለማይችሉ ይጎዳሉ። የሣር ወገን የሆኑት አረሞች፣ ማለት ሙጃና ሲናር፣ እንደ ስንዴው ይተርፋሉ። ገበሬው «መድኃኒቱ ሰፋፊውን ገደለልኝ፤ ሣሩ ግን በዛብኝ» የሚልበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። በትእዛዝ መዛባት ምክንያት ተክሉ ከመሞቱ በፊት ባሉት ቀናት ውስጥ በብዙ አረሞች ላይ ሁለት ለውጦች ታይተዋል። አንደኛው የስኳር መጨመር ነው፤ በግንድና በሥር ተከማችቶ የነበረው ስታርች ይፈታና ወደሚጣፍጥ ስኳር ይለወጣል። ሁለተኛው የናይትሬት መከማቸት ነው። ሥር ናይትሬትን ከመሬት መሳቡን ሳያቋርጥ፣ ናይትሬቱን ወደ ፕሮቲን የሚለውጠው ሥራ ስለሚደክም፣ ናይትሬቱ በቅጠልና በግንድ ውስጥ ይቀራል። በ1950 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስኳር ከሥሩ በሚወጣለት የቀይ ሥር ዘመድ ላይ ቱ-ፎር-ዲ ረጭተው፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ናይትሬት ከብት ሊገድል እስከሚችል ድረስ እንደሚጨምር በማስረጃ አሳይተዋል። ሬቸል ካርሰንም በ1962 ባሳተመችው ዝነኛ መጽሐፏ ይህን አደጋ ለብዙኃኑ አስታውቃለች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም፤ እንደ አረሙ ዓይነት፣ እንደ መሬቱ ማዳበሪያና እንደ ዝናቡ ሁኔታ ናይትሬቱ በአንዱ ሲጨምር በሌላው ባለበት ይቀራል ወይም ይቀንሳል። አደገኛነቱም ይኸው ነው፤ በማየት አይታወቅም።

ናይትሬት ራሱ ያን ያህል ብርቱ መርዝ አይደለም። ነገር ግን በላም ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይቱ ወደ ደም ገብቶ ኦክሲጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል መሸከም ወደማይችል ዓይነት ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ ከብቲቱ አየር እየሳበች ሳለ ትታፈናለች፤ ትንፋሿ ይፈጥናል፤ ትንገዳገዳለች፤ ደሟም ቀይነቱን ትቶ እንደ ቡና አተላ ይጠቁራል። አንዳንድ ጊዜ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለመሞት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይበቃሉ። የእንስሳት ሐኪም በቶሎ ከደረሰ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን መድኃኒት በደም ሥር በመስጠት ሊያድናት ይችላል። ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምሮ እንደ አደጋ ወሰን የሚጠቅሱት በደረቅ መኖ ውስጥ ከመቶው 1.5 ያህል ፖታሲየም ናይትሬት መገኘቱን ነው። ይልቁንም እንደ አሉማ ያሉት የአማራንተስ ወገን አረሞች መድኃኒት ሳይነካቸውም ናይትሬት የማከማቸት ጠባይ ስላላቸው የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

ስኳሩና መርዙ በአንድነት ሲገናኙ ምን እንደሚያደርሱ የሚያሳየን የብሪታንያ ታሪክ ነው። በዚያ አገር ራግዎርት የሚባል ቢጫ አበባ ያለው የግጦሽ አረም አለ፤ የእንግሊዝ መንግሥት በ1959 ባወጣው የአረም ሕግ በስሙ ከተጠቀሱት ጎጂ አረሞች አንዱ ነው። በውስጡ ጉበትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ መርዝ አለበት። ፈረስና ከብት ግን መራራነቱን ስለሚያውቁት ሌላ ሣር ካላጡ በቀር አይነኩትም። ቱ-ፎር-ዲ ሲረጭበት ግን ስኳሩ ይጨምርና መራራነቱ ይሸፈናል፤ በ1977 ታትሞ የወጣ ምርመራ እንዳመለከተውም መርዙ ራሱ ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ከብቱ ቀድሞ ይሸሸው የነበረውን አረም ወድዶ ይበላዋል። በሬ ሣሩን እንጂ ገደሉን አያይም እንደሚባለው ነው። የዚህ አረም መርዝ አረሙ ደርቆ ከድርቆሽ ጋር ቢታሰርም እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ የዚያ አገር የግብርና ባለሙያዎች አረሙ ፈጽሞ ጠውልጎ ከግጦሹ እስኪጠፋ ድረስ ከብት እንዳይገባ ያስጠነቅቃሉ።

ይህ ወገን መርዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ከ2001 ወዲህ በገጠሩ ሕዝብ ላይ የደረሰውን ብርቱ የጉበት በሽታ የመረመሩት ባለሙያዎች፣ አጄራተም ከተባለው አረም ጋር ከተቀላቀለ እህል ጋር አያይዘውታል፤ በአረሙም ውስጥ የተገኘው መርዝ ከራግዎርት መርዝ ወገን ነው። ያ በሽታ በአረም መድኃኒት የመጣ ነው ለማለት ሳይሆን፣ በአረም ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ኬሚስትሪ ለሰውም ምን ያህል ሊያሠጋ እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚሞተው አረም ነው። ከማይሞተው አረም ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በአንድ ማሳ ላይ ካሉት እልፍ አእላፍ አረሞች መካከል አንድ ወይም ሁለት ከተፈጥሮ የተለየ ኬሚስትሪ ያላቸው ሊገኙ ይችላሉ። ያው አንድ መድኃኒት በየዓመቱ ሲረጭ ሌሎቹ ይሞቱና የእነርሱ ዘር ብቻውን ማሳውን ይወርሳል። ይህን በመጀመሪያ ካሳወቁት አንዱ በ1968 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በአንድ የችግኝ ጣቢያ የታየው፣ ትራይዚን የተባሉት መድኃኒቶች ሊገድሉት ያልቻሉት አረም ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ የእኛው እንክርዳድ የቅርብ ዘመድ የሆነ የሣር አረም ግላይፎሴትን መቋቋሙ በ1996 ታወቀ። ይኸው ሣር ለሌሎችም ብዙ መድኃኒቶች እንደ ስንዴው አድርጎ መርዝን የሚሽሩ ኢንዛይሞቹን አብዝቶ ተገኝቷል። በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ደግሞ የአሉማ ዘመድ የሆነ አረም ያደረገው ይበልጥ ያስደንቃል። በ2010 በወጣው ጥናት እንደ ተገለጠው፣ ግላይፎሴት የሚዘጋውን ኢንዛይም የሚያሠራው የዘር መመሪያ በአንዳንዶቹ አረሞች ውስጥ ከ5 እስከ 160 እጥፍ በላይ ተባዝቶ ተገኝቷል። መድኃኒቱ አንዱን ጠረጴዛ ሲዘጋ አረሙ ሌላ መቶ ጠረጴዛ ዘረጋ ማለት ነው። ሺኪሚክ አሲዱም እንደ ሌሎቹ አይከማችበትም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆን ተግባራዊ ምክር ምንድን ነው? በአገራችን ከማሳ የተነቀለ አረም አይጣልም፤ ለጊደሯና ለወተት ላሟ ይሰጣል። ይህ ልማድ ከድሮ የመጣ መልካም ቁጠባ ነው። ነገር ግን ልማዱ የተፈጠረው መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ መድኃኒት የተረጨበትን አረም፣ በተለይ ለምልሞና ጠምዘዝ ብሎ የሚታየውን፣ አጭዶ ለከብት መስጠት ወይም ከብትን በዚያ ማሳ ዳር ማሰማራት አይገባም። በመያዣው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን እስኪያልፍ፣ መርዛም መሆኑ የታወቀውም አረም ፈጽሞ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ማድረቅ ናይትሬትንም ሆነ የጉበቱን መርዝ አያስወግድም። ድርቆሽ ሆኗልና አይጎዳም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ አንዱን መድኃኒት በየዓመቱ አለመደጋገም፣ መጠኑንም ለመቆጠብ ሲባል አለማሳነስ፣ ሰብልን እያፈራረቁ መዝራት፣ ከመርጨት የተረፈውንም አረም ዘር ሳያፈራ በእጅ መንቀል ያስፈልጋል። ያ ከመርጨት የተረፈ አንድ አረም የሚቀጥለው ዓመት ማሳ ባለቤት ነውና።

አራተኛ፣ ከብት በድንገት እየተንገዳገደ ትንፋሹ ቢያጥር፣ ምን እንደ በላና ማሳው መቼ እንደ ተረጨ ለእንስሳት ሐኪሙ ሳይዘገዩ መንገር ነው። የበሽታውን ስም ከማወቅ ይልቅ የሚያድነው ይህ ወሬ ሊሆን ይችላል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በመያዣው ላይ የታተመው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ በትናንሽ ፊደል፣ አንዳንድ ጊዜም በባዕድ ቋንቋ ነው። መርጫውን የሚያዝለው ሰው ማንበብ የማይችል ከሆነ ጽሑፉ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። እዚህ ላይ የተማረው የከተማ ሰው ድርሻ ይመጣል። ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ከጎተራው ጥግ የተቀመጠውን መያዣ አንሥቶ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ለቤተሰቡ ቢያነብላቸው፣ ምናልባት ካመጣው ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አንዲት ላም ከሞተች በኋላ ከማዘን አስቀድሞ አንድ ገጽ ማንበብ ይቀላል።